አዲስ አሠራር በምን ይለካል? የጌሪ ከተማ ትምህርት ቤቶች ታሪክ

በትምህርት ሥራ ላይ የተሠማራ ሰው ሁሉ «አዲስ አሠራር» ከሚለው ሐረግ ጋር በሚገባ ይተዋወቃል። ሐረጉ በመመሪያ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ በሪፖርት ደግሞ ከታች ወደ ላይ ተመልሶ ይወጣል። በዚህ ምልልስ መካከል ግን ሁለት ጥያቄዎች ሳይነሡ ይታለፋሉ። አንደኛው፣ አንድ የአስተዳደር አሠራር አዲስ ሊባል የሚችለው ምን ሲያሟላ ነው የሚለው ነው። ሁለተኛው፣ አዲስነቱም ሆነ ጠቀሜታው በምን ይለካል የሚለው ነው። አዲስ የመማሪያ መጽሐፍ ቢታተም ገጹ ይገለጣል፤ አዲስ የላቦራቶሪ ዕቃ ቢገዛ በንብረት መዝገብ ይሠፍራል። የአስተዳደር አሠራር ግን የሰውን፣ የጊዜንና የክፍልን ድልድል የሚመለከት ስለሆነ በዓይን አይታይም፤ በንብረት መዝገብም ቦታ የለውም።

ለጥያቄው መልስ ለመስጠት የሞከሩ ሊቃውንት አልጠፉም። የኦስትሪያው የኢኮኖሚ ሊቅ ጆሴፍ ሹምፔተር በ1911 ባሳተመው መጽሐፍ ፈጠራን በአምስት ከፍሎ ሲያስቀምጥ፣ ከአዲስ ምርት፣ ከአዲስ የማምረቻ ዘዴ፣ ከአዲስ ገበያና ከአዲስ የጥሬ ዕቃ ምንጭ ቀጥሎ አዲስ የድርጅት አወቃቀርን አምስተኛ አድርጎ ቆጥሮታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች፣ በግልጽ ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንደ ሹምፔተር አገላለጽ አዲስነቱ ያለው በነባር ነገሮች አቀናጅቶ አጠቃቀም ላይ ነው። ይሁን እንጂ ቆጣሪዎቹ ይህን ሐሳብ የተከተሉት እጅግ ዘግይተው ነው። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት ፈጠራን ለመለካት በ1992 ያወጣው የኦስሎ መመሪያ የተመለከተው የቴክኒክ ፈጠራን ብቻ ሲሆን፣ የድርጅት አሠራር ፈጠራ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ የተጨመረው በ2005 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚህ የተነሣ ጉዳዩ የትናንት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በአንዲት የአሜሪካ ከተማ፣ በትምህርት ቤቶች ላይ፣ ይኸው ክርክር ከመቶ ዓመት በፊት ከነሙሉ ችግሩ ተካሂዷል።

ከተማዋና ዕቅዱ

ጌሪ በኢንዲያና ክፍለ ግዛት፣ በሚሺጋን ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ፣ በአሸዋ ክምር ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። የቆረቆራት በ1906 ዩናይትድ ስቴትስ ስቲል የተባለው የብረት ኩባንያ ሲሆን፣ ስሟንም ያገኘችው ከኩባንያው የቦርድ ሊቀ መንበር ከኤልበርት ጌሪ ነው። በ1910 የሕዝብ ቆጠራ 16,802 ነዋሪ ነበራት፤ በ1920 ቁጥሩ 55,378 ደረሰ። ከነዋሪዎቹም ብዙዎቹ ከደቡብና ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ ሠራተኞች ነበሩ፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጀምሮ ደግሞ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች የመጡ ጥቁር አሜሪካውያን ተጨመሩባቸው። ልጅ በየዓመቱ ይጨምራል፤ የመማሪያ ክፍል ግን በዚያ ልክ አይጨምርም። ይህን ሁኔታ ለአንባቢ ማብራራት የሚያስፈልግ አይመስልም።

በ1907 የከተማዋ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ሆኖ የተሾመው ዊልያም ወርት ነበር። ወርት ቀደም ሲል በዚያው ክፍለ ግዛት ብላፍተን በተባለች አነስተኛ ከተማ በትምህርት ቤት አስተዳደር ላይ ሙከራ ያደረገ፣ የጆን ዱዊም ሐሳብ ተጽዕኖ ያሳደረበት ሰው ነው። በጌሪ የኤመርሰን ትምህርት ቤት በ1909፣ የፍሮብል ትምህርት ቤት ደግሞ በ1912 ተከፈቱ። ሁለቱም ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ ሁለተኛ ደረጃ ያሉትን ተማሪዎች በአንድ ግቢ የሚያስተናግዱ፣ ከመማሪያ ክፍሎች ሌላ ወርክሾፕ፣ ላቦራቶሪ፣ ጂምናዚየም፣ የመዋኛ ገንዳ፣ ትልቅ አዳራሽና የመጫወቻ ሜዳ ያሏቸው ነበሩ።

የዕቅዱ አንጓ የክፍለ ጊዜ ድልድሉ ነው። ተማሪዎቹ በሁለት እኩል ቡድኖች ይከፈላሉ። አንደኛው ቡድን በመማሪያ ክፍል ንባብ፣ ጽሕፈትና ሒሳብ ሲማር፣ ሁለተኛው ቡድን ከፊሉ በወርክሾፕ፣ ከፊሉ በአዳራሽ፣ ከፊሉ በጂምናዚየምና በሜዳ ይሠማራል። ከተወሰኑ ሰዓቶች በኋላ ሁለቱ ቡድኖች ቦታ ይለዋወጣሉ። ለምሳሌ ያህል፣ 20 የመማሪያ ክፍሎች ያሉት ትምህርት ቤት በየክፍሉ 40 ተማሪ ቢያስቀምጥ በተለመደው አሠራር የሚቀበለው 800 ልጅ ነው። በጌሪ ዕቅድ ግን 800ዎቹ በክፍል ሲሆኑ ሌሎች 800 በሌላው ሥፍራ ስለሚሆኑ ትምህርት ቤቱ 1,600 ይይዛል። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ መቀመጫ አይኖረውም፤ መቀመጫው የሰዓቱ ነው። ዕቅዱ በኋላ «ፕላቱን» የሚል፣ ከጦር ሠራዊት ቋንቋ የተወሰደ ስም ተሰጥቶታል። ደጋፊዎቹ ግን «የሥራ፣ የጥናትና የጨዋታ ትምህርት ቤት» ብለው መጥራትን ይመርጡ ነበር።

እዚህ ላይ ዕቅዱን በአገራችን ከሚታወቀው የፈረቃ ትምህርት ጋር ላለማምታታት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በፈረቃ ትምህርት ቤቱ ብዙ ልጆችን የሚቀበለው የእያንዳንዱን ልጅ የትምህርት ቀን በማሳጠር ነው፤ ጠዋት የተማረው ከሰዓት በኋላ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በጌሪ ግን ልጁ ቀኑን ሙሉ፣ እንዲያውም ከተለመደው ረዘም ላለ ሰዓት፣ በግቢው ውስጥ ይቆይ ነበር። ሁለቱም አሠራሮች በዓመታዊ መግለጫ ላይ «አንድ ሕንፃ፣ እጥፍ ተማሪ» ተብለው በአንድ ቁጥር ሊጻፉ ይችላሉ። ለልጁ የሚሰጡት ግን እጅግ የተለያየ ነው።

አዲሱ ነገር የቱ ነበር?

የዕቅዱ ተቃዋሚዎች በጌሪ አንዳች አዲስ ነገር የለም ይሉ ነበር፤ ክፍሎቹ በየተራ ሲታዩ አባባላቸው ከእውነት የራቀ አይደለም። የእጅ ሥራ ትምህርት ከዚያ በፊት የነበረ ነው፤ የዱዊ የሙከራ ትምህርት ቤት በቺካጎ ከ1896 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። ለእያንዳንዱ የትምህርት ዓይነት የተለየ መምህር መመደብም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የቆየ ልማድ ነው። አዳራሽም ሆነ ሜዳ ወርት አልፈለሰፈም።

ይሁን እንጂ ተቃዋሚዎቹ የሳቱት አንድ ነገር አለ። በሌላ ትምህርት ቤት የአትክልት ሥራው ወይም የስብሰባ ሰዓቱ ቢሰረዝ ቀሪው ሥራ እንደ ወትሮው ይቀጥላል፤ የሚጎድለው ያው የተሰረዘው ብቻ ነው። በጌሪ ግን የአዳራሹ ክፍለ ጊዜ ቢሰረዝ በዚያ ሰዓት በአዳራሽ የሚሆኑት ልጆች መግቢያ ያጣሉ፤ የመማሪያ ክፍሎቹ በሌላው ቡድን ተይዘዋልና። የሒሳብ መምህሩ ሰዓት በሙዚቃ መምህሩ ሰዓት ላይ የተመሠረተ ሆኗል። እንግዲህ የአስተዳደር አሠራርን ከተራ ጭማሪ ለመለየት የሚያገለግል መፈተኛ ከዚህ ሊወሰድ ይችላል። አሠራሩ ሲነሣ የሌሎች ሰዎች ሥራ ተለውጦ ከተገኘ፣ ቀድሞም የሥራ ግንኙነትን ለውጦ ነበር ማለት ነው። ሲነሣ ማንም ካልተሰማው ግን በሪፖርት ላይ ምንም ያህል ቢጎላ ጭማሪ እንጂ አዲስ አሠራር አይደለም። ይህ መፈተኛ ስለ አዲስነቱ ይናገራል እንጂ ስለ መልካምነቱ አይናገርም፤ ክርክሩም የተነሣው በዚሁ በመልካምነቱ ላይ ነው።

መለኪያዎቹ

መጀመሪያ የመጣው መለኪያ የሕንፃና የገንዘብ መለኪያ ነው። ፍሬድሪክ ቴይለር ስለ ሳይንሳዊ የሥራ አመራር የጻፈው መጽሐፍ በ1911 ወጥቶ የፋብሪካ ሥራን በሰዓትና በእንቅስቃሴ መለካት የዘመኑ ፋሽን ሆኖ ነበር። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ፍራንክሊን ቦቢት በ1912 ስለ ጌሪ በጻፈው ጽሑፍ ይህንኑ ሐሳብ ወደ ትምህርት ቤት አዞረው። ትምህርት ቤትን እንደ ፋብሪካ፣ ልጁን እንደ ጥሬ ዕቃ በመቁጠር፣ ሕንፃው በሚቻለው ሰዓት ሁሉ ሥራ ላይ መዋል እንዳለበትና ብክነትም መወገድ እንደሚገባው አስረዳ። በዚህ ሚዛን ጌሪ ታላቅ ስኬት ነበረች፤ በተለመደው ትምህርት ቤት የልጆቹ ሜዳ ላይ መሆን የክፍሉ ባዶ መሆን ሲሆን፣ በጌሪ ባዶ ክፍል አይታሰብም ነበር።

መለኪያው ግን ከመነሻው የተደበቀ ጉድለት ነበረበት። ከላይ በተሰጠው ምሳሌ 20ዎቹ ክፍሎች ለ1,600 ልጆች በቅተዋል ሲባል፣ ሌሎቹን 800 የሚያስጠጋው ወርክሾፕ፣ ጂምናዚየምና አዳራሽ ወጪ ተረስቷል። እነዚህ ቀድሞውኑ ያሉ ከሆነ ቁጠባው እውነተኛ ነው። ከሌሉ ግን ወይ መሥራት ያስፈልጋል፣ ወይም ልጆቹ በሜዳ ላይ ያለ ሥራ ይቆማሉ። ሁለተኛው አማራጭ በወረቀት ላይ ከሁሉም ይረክሳል።

የዚያ ዘመን የወጪ ስሌት ምን ያህል ርቆ ሊሄድ እንደቻለ ለማየት በማሳቹሴትስ የኒውተን ከተማ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ የነበረው ፍራንክ ስፖልዲንግ በ1913 ያቀረበውን ንግግር ማስታወስ ይበቃል። ስፖልዲንግ በአንድ ዶላር 5.9 የግሪክኛ ወይም 23.8 የፈረንሳይኛ የተማሪ ክፍለ ጊዜ እንደሚገዛ አስልቶ፣ የግሪክኛው ዋጋ ካልወረደ ገንዘቡ ወደ ሌላ መዋል አለበት ሲል ደመደመ። የአንዱ ትምህርት ጥቅም ከሌላው ሲነጻጸር ምን እንደሆነ የማያውቅ መሆኑን ራሱ በግልጽ ተናግሯል። ዋጋው ታውቋል፤ የሚገዛው ነገር አልታወቀም። ሆኖም ውሳኔው በዋጋው ተወሰነ።

ሁለተኛው መለኪያ የተማሪ ፈተና ነው። የኒው ዮርክ ከንቲባ ጆን ሚቸል በ1914 ሥልጣን ከያዘ በኋላ፣ በከተማው ትምህርት ቤቶች ላይ የደረሰውን መጨናነቅ ለማቃለል የጌሪን ዕቅድ መረጠ፤ ወርትም በወር አንድ ሳምንት እየመጣ እንዲያማክር ተደረገ። ሥራው በብሮንክስና በብሩክሊን በሚገኙ ሁለት ትምህርት ቤቶች ተጀመረ። ወዲያው የትምህርት ቦርዱ አጥኚ ባኪንግሃም የአዲሶቹን ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች፣ በተቀናቃኝ ዕቅድ ከሚመሩት ትምህርት ቤቶችና ከነባሮቹ ተማሪዎች ጋር በፈተና አወዳደረ። በ1916 የተገለጸው ውጤት የጌሪ ዕቅድ ተማሪዎች ከሦስቱ ዝቅተኛውን መሻሻል ማሳየታቸውን የሚያመለክት ነበር። ደጋፊዎቹ ደግሞ ዕቅዱ ገና በእግሩ ሳይቆም በወራት ውስጥ መመዘኑን፣ ፈተናውም የተመለከተው ነባሮቹ ትምህርት ቤቶች የሚያተኩሩባቸውን የትምህርት ዓይነቶች ብቻ መሆኑን በመግለጽ ተቃወሙ። ተቃውሟቸው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ስንት ዓመት ቢጠበቅና ምን ቢፈተን እንደሚስማሙ አስቀድመው አልተናገሩም። ሳይዘሩ ሰብሉን መስፈሪያ መምረጥ ያልለመደ ሁሉ፣ በመከር ጊዜ ስለ ቁናው መጣላቱ አይቀርም።

ለጉዳዩ ፍርድ የሰጠው በመጨረሻ ፈተናው ሳይሆን ሕዝቡ ነው። በጥቅምት 1917 በሺሕ የሚቆጠሩ ተማሪዎችና ወላጆች፣ በተለይም ከምሥራቅ አውሮፓ የመጡ አይሁድ በሚበዙባቸው ሠፈሮች፣ ሰልፍ ወጡ፤ የትምህርት ቤት መስኮቶችም ተሰበሩ። እነዚህ ወላጆች ልጆቻቸው በትምህርት ከፋብሪካ ሥራ እንዲወጡ ሲመኙ፣ በብረት ኩባንያ ከተማ ተፈልስፎ በባለጸጎች የተደገፈ ዕቅድ ወርክሾፕ ይዞባቸው መጣ። ጥርጣሬያቸው ሁሉ ትክክል ነበር ማለት አይቻልም፤ ዱዊ ከልጁ ኤቭሊን ጋር በ1915 ባወጣው መጽሐፍ ጌሪን ያመሰገነው ስለ ቁጠባ ብሎ አልነበረም። ሆኖም አስረድቶ ያሳመናቸው አልነበረም፤ የተነገራቸው ስለ መቀመጫ ቁጥር ነበር። በኅዳር ወር በተደረገው ምርጫ ዕቅዱን የተቃወመው ጆን ሃይላን ሚቸልን ከእጥፍ በላይ በሆነ ድምፅ አሸነፈው፤ ዕቅዱም ከኒው ዮርክ ወጣ።

በጌሪ በራሷ የተደረገው ጥናት ከዚህ የተሻለ ጥንቃቄ የታየበት ነው። በሮክፌለር ገንዘብ የተቋቋመው አጠቃላይ የትምህርት ቦርድ፣ በአብርሃም ፍሌክስነርና በፍራንክ ባክማን መሪነት ያካሄደውን ጥናት ከ1918 ጀምሮ በስምንት ቅጽ አሳተመ። የክፍል ትምህርት ውጤትን የለካው የዲትሮይቱ ስቱዋርት ኮርቲስ ነበር። አጥኚዎቹ የዕቅዱን ስፋትና መንፈስ አድንቀዋል፤ አፈጻጸሙ ግን የተዝረከረከ፣ የመምህራኑም ሥራ በቂ ቁጥጥርና ድጋፍ ያልተደረገለት መሆኑን አመልክተዋል። በንባብ፣ በጽሕፈትና በሒሳብ የተገኘው ውጤት ከደካሞቹ ነባር ትምህርት ቤቶች ጋር የሚመደብ ነበር። ከሁሉም በላይ ሊተኮርበት የሚገባው ግን፣ ዕቅዱ ለዚህ ውጤት በጎም ሆነ ክፉ አስተዋጽኦ ማድረጉን የሚያሳይ ምልክት አልተገኘም መባሉ ነው። በሌላ አነጋገር አሠራሩ ቢቀየርም በክፍሉ ውስጥ የነበረው የማስተማር ልማድ ሳይነካ ቀርቶ ነበር። ወርት ጥናቱን አልተቀበለውም፤ ብዙዎች አንባቢዎችም የዕቅዱን ውድቀት ብቻ አነበቡበት። ጥናቱ ግን በአሠራሩና በአሠራሩ አፈጻጸም መካከል ያለውን ልዩነት ለይቶ ለማሳየት የሞከረ ሥራ ነበር፤ በዚህም ረገድ ከዘመኑ ቀደም ያለ ነው።

ሦስተኛው መለኪያ የስርጭት ቁጥር ነው። ፈተናው ያላስደሰተው ወገን በዚህ ተጽናና። በእርግጥም ዕቅዱ በዲትሮይትና በሌሎች ከተሞች ተስፋፋ፤ በ1929 ከ200 በሚበልጡ ከተሞች ይሠራበት ነበር፤ የራሱ ማኅበርና መጽሔትም ነበረው። ይሁን እንጂ ብዙዎቹ ከተሞች የወሰዱት የክፍለ ጊዜ ሰሌዳውን እንጂ ወርክሾፑንና የአትክልት ሥፍራውን አልነበረም። በቺካጎ የትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ ዊልያም ማክአንድሩ በ1924 ዕቅዱን ለማስገባት ሲነሣ፣ በማርጋሬት ሄሊ የሚመሩት የአንደኛ ደረጃ መምህራን አጥብቀው ተቃወሙት። የመምህራኑን ጭንቀት ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። ቀድሞ 40 ልጆችን ዓመቱን ሙሉ ይዞ የሚያስተምር መምህር፣ በአዲሱ ድልድል የአንድ ትምህርት ብቻ መምህር ሆኖ ስምንት ክፍል ቢደርሰው 320 ልጆች በፊቱ ያልፋሉ። የ320 ልጆችን ስም ማወቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። በአገራችን በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ በሥራ ላይ ሲውል በመጀመሪያው እርከን ክፍሎች አንድ መምህር ሁሉንም ትምህርት እንዲያስተምር መደረጉን የሚያስታውስ አንባቢ፣ ክርክሩ በአንድ ወገን ብቻ ተዘግቶ እንደማያውቅ ይገነዘባል።

የስርጭት ቁጥር ምን ያህል ትምህርት ቤቶች ስሙን እንደተቀበሉ ይናገራል፤ ምን እንደተለወጠ አይናገርም። የቅርብ ጊዜ አጥኚዎች ይህን ክፍተት ለመሙላት ሞክረዋል። የኢኮኖሚ ትብብርና ልማት ድርጅት በ2014 ባወጣው ጥናት የአዋጅ ብዛት መቁጠሩን ትቶ፣ በዓለም አቀፍ ፈተናዎች ወቅት ከተሞሉ መጠይቆች በመነሣት በክፍልና በትምህርት ቤት ውስጥ የሚከናወኑ ተግባራት በዓመታት ውስጥ ምን ያህል እንደተለወጡ ለካ። ኒኮላስ ብሉምና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2015 ባሳተሙት ጥናት በስምንት አገሮች ከ1,800 በላይ የሆኑ ትምህርት ቤቶችን ርእሰ መምህራን አነጋግረው፣ የአስተዳደር ልማዶችን ከ1 እስከ 5 ባለው ነጥብ በመመዘን ከተማሪዎች ውጤት ጋር አዛመዱ። የተሻለ ነጥብ ያገኙት ትምህርት ቤቶች የተሻለ የተማሪ ውጤት ያላቸው ሆነው ተገኝተዋል። የመጀመሪያው ጥናት የለውጥን መጠን ይለካል፤ የለውጡን አቅጣጫ ግን አይፈርድም። ሁለተኛው የአስተዳደሩን ጥራት ይመዝናል፤ አዲስ ይሁን ነባር ግን አይጠይቅም። ሁለቱን ባንድነት ማየት ለዕቅድ አውጪ የተተወ ሥራ ነው።

ያልተለካው

በጌሪ በእነዚህ መለኪያዎች ሁሉ ሳይያዝ የቀረ አንድ ጉዳይ ነበር። የዕቅዱ ዋና መርሕ ማንኛውም ክፍል፣ ማንኛውም ሜዳና ገንዳ ዘወትር ሥራ ላይ ይዋል የሚል ነው። ሥራ ላይ የሚያውለው ማን እንደሆነ ግን አልተጠየቀም። በፍሮብል ትምህርት ቤት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በአንድ ግቢ ይማሩ ነበር፤ ጥቁሮቹ ግን የመዋኛ ገንዳውን ከነጮቹ ጋር በአንድ ቀን እንዲጠቀሙ አይፈቀድላቸውም ነበር። በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ሲታይ ገንዳው ሳምንቱን ሙሉ ተይዟል፤ ብክነት የለም። ሰሌዳውን ለማውጣት የሚያገለግለው ጥበብ ልጆችን ለመለያየትም እኩል ያገለግላል።

በመስከረም 1927 ጥቂት ጥቁር ተማሪዎች ወደ ኤመርሰን ትምህርት ቤት ሲዛወሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ነጭ ተማሪዎች ትምህርት አቁመው ወጡ። የከተማዋ አስተዳደርና የትምህርት ቦርዱ ተማሪዎቹን ከመገሠጽ ይልቅ ተደራደሯቸው፤ ለጥቁር ተማሪዎችም የተለየ ትምህርት ቤት እንዲሠራ ተወሰነ። የቴዎዶር ሩዝቬልት ትምህርት ቤት የተባለው ይህ ሕንፃ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት በዕቅዱ ለተመዘገቡት ስኬቶች አንድ ተጨማሪ ትምህርት ቤት፣ ተጨማሪ መቀመጫዎችና ተጨማሪ ልዩ ክፍሎች ማለት ነበር። ወርት በ1938 እስኪሞት ድረስ በሥልጣኑ ላይ ቆየ። የጌሪ የትምህርት ቦርድ ልጆችን በዘር መለየትን የሚከለክል መመሪያ ያወጣው በ1946፣ የፍሮብል ነጭ ተማሪዎች እንደ 1927ቱ ሌላ አድማ ካደረጉ ከአንድ ዓመት በኋላ ሲሆን፣ የኢንዲያና ክፍለ ግዛት ደግሞ በሕግ ያገደው በ1949 ነው።